ልጄን ምላጭ አይነካውም

ጵርስቅላ ሁለተኛ ልጇን ሆሳዕና ከተማ፣ ከገበያው በላይ ባለው ቤታቸው በተገላገለች ጊዜ አዋላጂቱ «ወንድ ነው!» ብላ ጮኸች። አማቷ እመት አስናቀች ደጃፍ ወጥተው እልልታቸውን ለቀቁት፤ ጎረቤቱም ከየቤቱ ተቀበላቸው። ጵርስቅላ ግን በላብ የራሰ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ጨፈነች። እርግዝናዋን ሙሉ ሴት እንዲሆንላት ነበር የለመነችው።

ልጅ መጥላቷ አልነበረም። የመጀመሪያ ልጇም ወንድ ነበር፤ በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፤ በተገረዘ በሦስተኛው ቀን ሞተባት። የገረዘው ሽማግሌው ዋለ ነው። ዋለ እጁ የተመሰከረለት፣ የከተማውን ወንድ ልጅ ግማሹን የገረዘ ሰው ነበር። የዚያን ጊዜ ግን ደሙ አልቆም አለ። የቡና ዱቄት ነሰነሱበት፤ ቅጠል ጨምቀው አንጠበጠቡበት፤ በጨርቅ ጠቅልለው አሰሩት። ጨርቁ ሲፈታ ይረጥባል፣ ሲቀየር ይረጥባል። ሕፃኑ እንደ ሰም ገረጣ፤ ማልቀሱን ተወ፤ በመጨረሻም ጡት የመሳብ አቅም አጥቶ በእቅፏ ውስጥ አለፈ። ከተማው «የዋለ እጅ ከበደ» አለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ዋለን ለልጁ ጠርቶት አያውቅም። እመት አስናቀችማ በመንገድ ሲያገኙት ፊታቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር።

ዋለን ያልረገመች ጵርስቅላ ብቻ ናት። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረችም።

ጵርስቅላ የከምባታ ልጅ ናት፤ ሀደሮ ተወልዳ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረች። ባሏ ሰይፈሥላሴ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር፤ አባቱ ከመንዝ የመጡ ወታደር፣ እናቱ ጾምና ቅዳሴ የማያጓድሉ ሴት። እመት አስናቀች ምራታቸውን ሲቀበሉ የሚሲዮኑን ስም ምላሳቸው አልቀበለው ቢል «እታለም» ብለው አወጡላት። በዚያው ስም ይጠሯታል፤ ይወዷታልም። ጵርስቅላ ያወቀችውን ነገር ያልተናገረችው እንግዲህ ይህን ፍቅር ስለፈራች ነው።

የምታውቀው የወንድሟን የዴታሞን ነገር ነው። በእነሱ አገር ወንድ ልጅ በስምንት ቀኑ አይገረዝም። ጎርምሶ፣ ጢሙ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ከእኩዮቹ ጋር ነው የሚገረዘው። ከዚያ ወራት ሙሉ ቅቤና ሥጋ እየበላ ከሥራ ርቆ ይቀመጣል፤ ሲወጣም አገሩ በዘፈን ይቀበለዋል። ዴታሞ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቢላዋ ተገረዘ። ሌሎቹ ሁሉ ዳኑ። እሱ የተኛበት ቁርበት በደም ርሶ፣ ሁለተኛ ቁርበት ተነጥፎለት እሱም ርሶ ሞተ። ሰዉ «የደበቀው በደል ቢኖር ነው» አለ። እናታቸው ትርፊት ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናግራ አታውቅም።

ጵርስቅላ ልጇን ከቀበረች በኋላ በእንሰቱ ጓሮ እየተቀመጠች ይህን ስታወጣና ስታወርድ ኖራለች። ገራዡ ሌላ፣ ምላጩ ሌላ፣ አገሩም ዕድሜውም ሌላ፤ ሞቱ ግን አንድ። ሁለቱን የሚያገናኝ የሷና የእናቷ ማህፀን ብቻ ነው። ይህን ብትናገር «የተረገመ ዘር ነው ያመጣችብን» ብለው ወደ ሀደሮ የሚመልሷት መሰላትና ዋጠችው።

አሁን ግን ሌላ ወንድ ልጅ በጎኗ ተኝቷል።

በማግስቱ እመት አስናቀች ገንፎውን በራሳቸው እጅ አምጥተው ጎኗ ቁጭ አሉ። «እታለም፣ ያንን እጀ ከባድ አንጠራም» አሉ። «ከቡታጅራ በኩል ጠና የሚባል ገራዥ አለ፤ ጉራጌው ሁሉ የሚመሰክርለት ነው። ሰው ልኬበታለሁ። በስምንተኛው ቀን ይደርሳል።»

ጵርስቅላ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ ይህ ልጅ አይገረዝም።»

«ምን አልሽ?»

«አይገረዝም አልኩ። ልጄን ምላጭ አይነካውም።»

እመት አስናቀች መጀመሪያ ወሊድ ያናወዛት መስሏቸው ግንባሯን ዳሰሱ። ትኩሳት የለም። «ልጄ፣ ፈርተሽ ነው፤ አልፈርድብሽም» አሉ ለስለስ ብለው። «እኔም አልቅሻለሁ። ግን ወሸላ አድርገን ልናሳድገው ነው? ወንዝ ሲወርድ ሲስቁበት? ማን ልጁን ይድርለታል? ማንስ ከሱ ጋር ገበታ ይቀርባል?»

«ይሳቁበት እማማ። ለመሳቅ እኮ መጀመሪያ በሕይወት ሊያገኙት ይገባል።»

አሮጊቷ ሳህኑን አንስተው ወጡ። ማታ ሰይፈሥላሴ ከሥራ ሲመለስ እናቱ ደጅ ላይ ጠብቀውት ሲያንሾካሹኩ ሰማች። ገብቶ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠና ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙር ጀመር። እሱ በጎ ሰው ነው፤ ግን ሁለት ሰው ሲጣላ መሐል ቆሞ ሁለቱንም እውነትሽን ነው የሚል ዓይነት።

«ጠና ጎበዝ ነው ይላሉ» አለ።

«ዋለም ጎበዝ ነበር» አለችው። ያን ጊዜ ነው የወንድሟን ነገር ከነቁርበቱ ዘርግፋ የነገረችው። ስትጨርስ «አሁን ከፈለግህ ወደ አገሬ ስደደኝ። ልጁን ይዤ ነው የምሄደው ግን» አለች።

ሰይፈሥላሴ ባርኔጣውን አስቀመጠ። አልቆጣም፤ አልሸሸም። «ይህን በምን እናረጋግጣለን?» ብቻ አለ። ለእሷ ይህ በቂ ነበር። መጠየቁ ብቻ እንደ በር ሆነላት።

አራስ ከቤት አትወጣም። ይህን ጵርስቅላም አማቷም ጎረቤቱም ያውቃሉ። እሷ ግን አማቷ ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ጠዋት ልጁን በጋቢ ጠቅልላ፣ ወገቧን በመቀነት ጠፍራ በጓሮ በር ወጣች። የሚሲዮኑ ክሊኒክ ከከተማው ዳርቻ ነው። ዳገቱ ላይ አጥር ተደግፋ ቆመች፤ ጥርሷን ነክሳ እንደገና ሄደች። አንዲት ቅቤ ተሸክማ ወደ ገበያ የምትወርድ የሀዲያ ሴት አይታት ደንግጣ በሀዲይኛ «አንቺ አራስ አይደለሽም?» ብትላት «ነኝ» ብላ አለፈች።

ክሊኒኩን የያዙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ዶክተር ኒልስ የሚባል ረጅም የዴንማርክ ሰውና ሚስ ሩት የምትባል አሜሪካዊት ነርስ። ሁለቱም አማርኛ ይሞክራሉ፤ እሱ ቀስ እያለ፣ እሷ እየፈጠነችና እየተሳሳተች። ጵርስቅላ ተቀምጣ የወንድሟንም የልጇንም ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ዶክተሩ ሲሰማ ቆይቶ «የእናትሽ ወንድሞችስ?» አላት። እሱን አታውቅም። «እትብቱ ሲቆረጥ ደማ?» አዎ፣ አዋላጂቱ ሁለት ጊዜ ነው ያሰረችው።

ከሕፃኑ ተረከዝ ጥቂት ደም ወስዶ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ያዘ። ቀጥሎ የራሱን ጣት ወግቶ የራሱን ደም በሌላ ቱቦ አደረገና ሁለቱን በእጇ አስያዛት። «ተመልከቺ» አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲያዘነብለው የሱ ደም አልፈሰሰም፤ እንደ እርጎ ረግቷል። የልጁ ግን ወዲያና ወዲህ ይላል። ቆዩ። አሁንም ወዲያና ወዲህ ይላል። ሚስ ሩት በዚህ ሁሉ ጊዜ የሕፃኑን ተረከዝ በጥጥ ጨብጣ አልለቀቀችም ነበር።

«ደማቸው የማይረጋ ቤተሰቦች አሉ» አለ ዶክተሩ። «እናት ትሸከመዋለች፤ ለሴት ልጇም ልታወርሰው ትችላለች፤ እነሱን አያማቸውም። ወንድ ልጆቿን ግን፣ ሁሉንም ባይሆን፣ ያገኛቸዋል። እርግማን አይደለም። እዚህ መድኃኒት የለኝም። መድኃኒቱ አለመቁረጥ ነው።»

ጵርስቅላ «እርግማን አይደለም» የሚለውን ቃል በልቧ ደገመችው። ዴታሞ ትዝ ብሏት እንባዋ መጣ፤ በጋቢው ጫፍ ጠረገችና ወደ ሌላው ጉዳይ ገባች።

«አማቴ ልጁ ወሸላ ሆኖ እንዴት ይኖራል ይላሉ።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «የኔ አገር ሰው አይገረዝም። እኔም፣ አባቴም፣ ወንዶች ልጆቼም።»

ጵርስቅላ አፏን በጋቢው ያዘች። ይህን ያህል የተማረ፣ ይህን ያህል የተከበረ ሰው! «አገሩ ሁሉ?»

«አገሩ ሁሉ፤ አይሁድ ካልሆኑ በቀር።»

«የኛ አገር ደግሞ ሌላ ነው» አለች ሚስ ሩት ተቀብላ። «ሐኪም ቤት የተወለደ ወንድ ብዙውን ጊዜ ሳይገረዝ አይወጣም። ወንድሞቼ ሁሉ ተገርዘዋል። ለሃይማኖት አይደለም፤ ለንጽሕና ነው ይላሉ።»

«እኛም እንታጠባለን» አለ ዶክተሩ፤ ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ በመካከላቸው የቆየ ክርክር ይመስላል። ዶክተሩ ከዚህ በፊት ህንድ አገር እንደሠራ፣ እዚያም በአንድ መንደር እስላሙ ገርዞ ሂንዱው ሳይገርዝ ጎን ለጎን እንደሚኖሩ፣ አንዱም ሌላውን እንደሚንቅ ነገራት።

«ታዲያ ማናችሁ ናችሁ ልክ?» ስትል ጠየቀች።

ዶክተሩ ትከሻውን ሰበቀ። «እሱን እኔ አልፈርድም። እኔና ሩትም አልተስማማንም። በዚህ ልጅ ላይ ግን ተስማምተናል።»

ሚስ ሩት ሕፃኑን አስታቀፈቻት። «እኔ የወንድ ልጅ መገረዝ ጥሩ ነው የምል ነኝ» አለቻት ዓይን ዓይኗን እያየች። «ይህን ልጅ ግን አታስነኪ። ለማንም።»

ጵርስቅላ ይህን ቃል ይዛ ተመለሰች። ቤት ስትደርስ እመት አስናቀች ደረታቸውን እየደቁ ደጅ ቆመዋል። አራስ ጠፍታ! ሕፃኑን ነጥቀው አቀፉት፤ ተረከዙ ላይ የታሰረውን ጥጥ ሲያዩ «ፈረንጅ ወጋው!» ብለው ጮኹ። ያን ቀን ከሷ ጋር ቃል አልተለዋወጡም።

ስምንተኛው ቀን ደረሰ። እመት አስናቀች ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ጠላውም ተጠምቋል፤ ዳቦውም ተደፍቷል። ጠና ከቡታጅራ በበቅሎ ደርሶ፣ ነጭ ቆቡን እንደደፋ ከመግቢያው አጠገብ ተቀምጧል። የንስሐ አባታቸው መምሬ ኃይለመለኮት መስቀላቸውን ይዘው መደቡ ላይ ተሰይመዋል። ጎረቤቶችም አሉ። ጵርስቅላ ከጓዳ ልጁን አቅፋ ወጣችና ከመካከላቸው ቆመች። አራስ እንዲህ አትቆምም፤ ግን ቆመች።

«አባቴ፣ እማማ፣ ጋሽ ጠናም» አለች፣ «ከመብላታችሁ በፊት ስሙኝ።» ወንድሟ ሀደሮ ላይ እንዴት እንደሞተ ተናገረች። ልጇ እንዴት እንደሞተ ሁሉም ያውቃሉ። ቱቦው ውስጥ ያየችውንም ተናገረች። 

እመት አስናቀች አላስጨረሷትም። «ይህን ያለሽ ያ ፈረንጅ ነው? እሱ ራሱ ተገርዟል?»

ጵርስቅላ ልትዋሽ ትችል ነበር። «አልተገረዘም እማማ። አገሩ አይገርዝም።»

«ያውላችሁ!» አሉ አሮጊቷ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረው። «ወሸላው እንደኔ ወሸላ ሁኑ ነው የሚለን!»

ሳቅ ተሰማ። ጵርስቅላ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። «ነርሷ ግን አገሯ እንደኛ ይገርዛል። ወንድሞቿ ሁሉ ተገርዘዋል፤ መገረዝም ጥሩ ነው ትላለች። እሷም ይህን ልጅ አታስነኪ አለችኝ። የሚገርዘውም የማይገርዘውም አንድ ቃል ከተናገሩ እኔ ሌላ ማንን ልስማ?»

 እመት አስናቀች ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰይፈሥላሴ፣ አባት አንተ ነህ። ልጁን ተቀበላትና እግሩን ያዝ።»

የመጀመሪያውን ልጅ እግር የያዘው እሱ ነበር። ዋለ ሲቆርጥ ትንንሾቹን እግሮች በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ያዞረው እሱ ነው። ሰይፈሥላሴ ተነሣ። ሁሉም ወደ ሚስቱ የሚሄድ መሰላቸው። እሱ ግን መሐል ላይ ቆሞ እጆቹን አየና ወደ ኋላው አደረጋቸው።

«አልይዝም እማዬ» አለ። «አንድ ጊዜ ይዣለሁ። ሁለተኛ አልይዝም።»

ጠና ጉሮሮውን ጠረገ። ምላጩ ያለበትን የቆዳ ከረጢት ወደ ጉያው መለሰ። «እኛ ዘንድ ይህ ቀን ማለፍ የለበትም የሚባል ነገር የለም። የታመመ ልጅ ይቆያል። ደሙ የማይቆም ከሆነ ደግሞ እኔ እጄን አላስገባም፤ የዋለን ነገር ሰምቻለሁ» አለ።

ለአሮጊቷ የቀራቸው አንድ ሰው ነበር፤ የንስሐ አባታቸው። «አባቴ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ሥርዓት ይፍረስ?»

መምሬ ኃይለመለኮት መስቀላቸውን በጣታቸው እየዳበሱ ቆዩ። ደስ ያላቸው አይመስሉም፤ የሚሲዮን ነገር ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁራል። «መገረዝ የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ አልተወውም» አሉ በመጨረሻ። «ክርስቲያን የሚያደርገው ግን ጥምቀት ነው። በአርባ ቀኑ አምጡልኝ፤ አጠምቀዋለሁ። ልጅ እየሞተ ልማድ ጠብቁ ብዬ በነፍሱ አልጠየቅም።» ከዚያ «እስቲ ዳቦውን ቁረሱ» አሉ።

ዳቦው ተቆረሰ። እመት አስናቀች አልቀመሱም። ጓዳ ገብተው በራቸውን ዘጉ።

በአርባ ቀኑ ልጁ ተጠመቀ፤ ሳህሉ ተባለ። አማቷ ያንንም ጊዜ ከጵርስቅላ ጋር እንደ ድሮው አልነበሩም፤ «እታለም» ማለት ትተው «አንቺ» ይሏት ነበር። የለወጣቸው ልጁ ራሱ ነው። ሳህሉ መዳህ ጀምሮ በርጩማ ጠርዝ ከንፈሩን መታው። ሌላ ልጅ ቢሆን ከንፈሩን ልሶ የሚያልፈው ነገር ነበር። እመት አስናቀች ግን ልጁን ታቅፈው በጨርቅ ሲጫኑት ዋሉ፤ ሲጫኑት አደሩ፤ ነጠላቸው ቀላ። ሲነጋ ደሙ ሲገታ ቀና ብለው ጵርስቅላን አዩዋት። «ምላጩ ነክቶት ቢሆን ኖሮ...» አሉ፤ አልጨረሱትም።

በዚያው ሳምንት ዳቦ በመሶብ አስይዘው ወደ ዋለ ቤት ሄዱ። ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም። ሲመለሱ ግን ዋለ ራሱ እስከ ደጃፍ ሸኝቷቸው ነበር።

ሳህሉ እንደሌላው ልጅ አላደገም። ሲወድቅ ጉልበቱ ያብጣል፤ ሳምንታት ይተኛል፤ ቀኝ እግሩም ውሎ አድሮ መታጠፍ እንጂ መዘርጋት ተወ። ወንዝ ሲወርድ እንደተፈራው «ወሸላ» ብለው ሳቁበት። አያቱ እመት አስናቀች ሰምተው ከዘራቸውን ይዘው ወንዝ ድረስ ወረዱና ልጆቹን በሙሉ በየአባታቸው ስም እየጠሩ ወረዱባቸው። ጵርስቅላ ግን ማታ ልጁን አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ የአጎቱን፣ የወንድሙን፣ የቱቦውን። «ሲስቁብህ ዝም አትበል፤ አትዋሽም» አለችው። «ደሜ አይረጋም በላቸው። ከዚያ ደግሞ ዓለሙ ግማሹ ሳይገረዝ እንደሚኖር ንገራቸው።» ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማት። በማግስቱ የተናገረው ይህንኑ ነበር። ሳቁ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ግን እየሰለቻቸው ሄደ። ሳህሉ አድጎ ሀቢቾ ላይ አስተማሪ ሆነ፤ በከዘራ ይሄዳል፤ ሚስትም አገባ። እመት አስናቀች ሠርጉን አይተው ነው ያረፉት።

ከሳህሉ በኋላ ጵርስቅላ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፤ ሣራ። ሣራ ሙዱላ ላይ ለአንድ የሚሲዮን ቤተሰብ ተዳረች። አርግዛለች የሚል ወሬ ሆሳዕና እንደደረሰ ጵርስቅላ በጭነት መኪና እስከ ሀደሮ፣ ከዚያም በእግሯ ሙዱላ ገባች። የሣራን አማት እልፍነሽን ከጓሮ እንሰት ስትፍቅ አገኘቻት። ሰላምታው ሲያበቃ ጵርስቅላ የልጇን ሞትና ቱቦው ውስጥ ያየችውን ተናገረች፤ የሣራ ልጅ ወንድ ከሆነ እንዳይገረዝ ነው የመጣችው።

እልፍነሽ ሳቀች። «እኛ ዘንድ እኮ ሲጎረምስ ነው። ገና ያልተወለደ ልጅ! ወንድ ይሁን ሴት ማን ያውቃል? ምን አስቸኮለሽ?»

«ሲጎረምስም አይቻልም። ወንድሜ ጎርምሶ ነው የሞተው።»

«የባሌ ዘመዶች እሺ አይሉም፤ የአገር ደንብ ነው።»

«ለነሱም እነግራለሁ። የት ናቸው?»

«ማታ ነው የሚመጡት።»

ጵርስቅላ ነጠላዋን አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቀለች። ቀሚሷን ሰብስባ ከእልፍነሽ አጠገብ ተቀመጠችና መፋቂያውን አነሣች። «እጠብቃቸዋለሁ» አለች፤ የእንሰቱን ግንድ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ መፋቅ ጀመረች። እልፍነሽ እጇን አቁማ አየቻት። ይህች ሴት እሺ ሳትባል የምትሄድ እንዳልሆነች ገባት። ጥቂት ቆይታ «እስቲ ስለዚያ ቱቦ ደግመሽ ንገሪኝ» አለቻት።